መሬት፣ ሚዛንና ስም፦ የአጋሮ ቡና ገበሬዎች የፍትሕ ጥያቄ ታሪክ

ሀ. መግቢያ

ከጅማ ከተማ ተነሥቶ በበደሌ መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አጋሮ ይደርሳል። አጋሮ የቀድሞው የጎማ መንግሥት መናገሻ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬም ለጎማ ወረዳና ለአካባቢው ሁሉ ዋና የቡና ገበያ ነው። በለቀማ ወራት ከተማውን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ በዚያ አገር ሠርግም፣ ዕዳም፣ የልጅ ትምህርትም የሚታሰበው በቡና ነው።

ስለ ቡና በአገራችን ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በአመዛኙ ስለ ተክሉ፣ ስለ በሽታውና ስለሚያስገኘው የውጭ ምንዛሪ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ቡናውን የሚያለማውን ሰውና እርሱ ራሱ ያነሣውን የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ለማስረዳት የምንፈልገው ሐሳብ ይህ ነው። የአጋሮ ገበሬ በደል ሦስት መልክ ነበረው፤ ይኸውም የመሬት፣ የሚዛንና የስም ነው። መሬት ስንል ቡናው በበቀለበት ምድር ላይ የማዘዝን መብት ነው። ሚዛን ስንል ቡናው የሚለካበትንና ዋጋው የሚቆረጥበትን ሥፍራ ነው። ስም ስንል ደግሞ ቡናው በዓለም ገበያ የሚጠራበትንና የሚከበርበትን መጠሪያ ነው። ከሦስቱ አንዱ በተገኘ ጊዜ ሌላው በሰው እጅ እየቀረ ገበሬው ድካሙን ሙሉ በሙሉ ሳያገኝ ኖሯል። ከዚህም ሌላ፣ ከላይ በአዋጅ የተሰጠ መብት ገበሬው በራሱ ማኅበር ካልያዘው በቀር ፍሬ እንዳልሰጠ ለማሳየት እንሞክራለን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን የዘርና የቀለም ፍትሕ ጥያቄ የአሜሪካና የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነው፣ የቡና ዋጋ ግን የንግድ ነገር ብቻ ነው ሲሉ ይሰማሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች በጅማ ምድር እንዴት እንደ ተገናኙ ከዚህ በታች እናያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ለ. ጎማና ጅማ፦ የሁለት ጎረቤቶች ዕድል

እ.ኤ.አ. በ19ኛው ምዕተ ዓመት በጊቤ አገር አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። ከእነዚህ አገሮች ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና በሲራራ ነጋዴ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ይጓዝ ነበር። በጅማ የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ዝነኛ ሥፍራ ነበር።

ነገር ግን በነዚያ ገበያዎች ሰውም ይሸጥ ነበር። ስለ ፍትሕ ታሪክ ስንጽፍ በደሉን ሁሉ ከውጭ የመጣ አስመስለን ብንናገር ከእውነት እንርቃለን። ከጊቤ ወዲያ ካሉት አገሮች የተፈነገሉ ሰዎች በነዚሁ መንገዶች አልፈዋል፤ ከፊሎቹም እዚያው ቀርተው የባለጸጎችን ማሳ አርሰዋል። የባሪያ ንግድና ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ነጻ የወጣው ሰው ግን መሬት ስላልተሰጠው ብዙውን ጊዜ በቀድሞ ጌታው ማሳ ላይ በጭሰኝነት ኖረ። ስለዚህ የመሬት ጥያቄ በጅማ አካባቢ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሰው ልጅ ክብር ጥያቄ ነበር።

ጅማና ጎማ ጎረቤቶች ቢሆኑም ዕድላቸው አንድ አልሆነም። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው አገራቸውን በራሳቸው ማስተዳደር ቀጠሉ። ጎማ ግን በ1878 ዓ.ም. ገደማ በጦር ተያዘች። በዚህም ምክንያት የጎማ ገበሬ ለሹማምንትና ለወታደር ተመርቶ ገባር ሆነ፤ ከምርቱ ከመክፈሉም በላይ በጉልበቱ ያገለግል ጀመር። የጅማው የራስ አስተዳደርም በ1924 ዓ.ም. አበቃ። ይህንን ታሪክ በሰፊው ያጠኑት ዶክተር ጉሉማ ገመዳ፣ የቡና ንግድ ማደግና የጅማ የራስ አስተዳደር መውደቅ የተያያዙ ነገሮች እንደ ነበሩ አሳይተዋል። ቡናው ዋጋ ባወጣ መጠን አገሩን ለመያዝ የሚፈልገውም በዛ ማለት ነው። ይህ ነገር በኋላ ዘመንም ደጋግሞ ታይቷል።

ሐ. የቀለም ሕግ በጅማ

ፋሽስት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ጅማ ጣሊያኖች የደቡብ ምዕራቡን አገር ለመግዛት ያቋቋሙት ክፍል ዋና ከተማ ሆነች። ወራሪው ገባርነትንና ባርነትን የሻረ ነጻ አውጪ ነኝ ብሎ ሕዝቡን ለመሳብ ሞከረ። አንዳንዱ ጭቁን ገበሬ ለጊዜው እፎይታ ማግኘቱ አይካድም። ዳሩ ግን አሮጌው ቀንበር በወረደበት ትከሻ ላይ ሌላ ቀንበር ተጫነ፤ የአዲሱ ቀንበር መለኪያም የሰውነት ቀለም ነበር።

በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው የጣሊያን ሕግ፣ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሰው ጋር በጋብቻ መልክ ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይፈርድበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 እና በ1939 የተከተሉት ሕጎች ነጭና ጥቁርን ይበልጥ ለያዩ። በየከተማው የነጭ ሰፈርና የአገሬው ሰፈር፣ የነጭ ገበያና የአገሬው ገበያ እንዲለይ በፕላን ተወሰነ። የንግዱም ነገር በዚሁ መልክ ተደራጀ። ከወረራው በፊት በኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ታላቅ ሥፍራ የነበራቸው እንደ መሐመዳሊና እንደ ቤስ ያሉ የውጭ አገር ንግድ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1937 እንዲወጡ ተደርጎ ሥፍራቸውን የጣሊያን ኩባንያዎች ያዙ። ጥቁሩ አምራች፣ ነጩ ነጋዴ እንዲሆን በሕግ ተደነገገ ማለት ይቻላል። የዘር ሕግና የኩባንያ ሥልጣን አንድ ላይ ሲሠሩ የጅማ ሕዝብ ያየው በዚህ ጊዜ ነው።

ሕዝቡም ዝም አላለም። ከነቀምቴ የተነሣው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር ሆኖ ሲዋጋ ቆይቶ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጁን ሰጠ። ከዚያ በኋላም አርበኞች በየጫካው ቀጠሉ፤ ጅማ በሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ደጃዝማች ገረሱ ዱኪ የመሩት የአርበኞች ጦር ከተማውን ከከበቡት አንዱ ነበር።

በዚያው ዘመን ከባሕር ማዶ የሆነውንም ልብ ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1935 በኒው ዮርክ በሃርለም ሰፈር የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ስለ ኢትዮጵያ ተቆጥተው ከጣሊያን ነጋዴዎች ሱቅ አንገዛም እስከ ማለት ደርሰው ነበር። በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ በነሐሴ 1929 ዓ.ም. በዚያው በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን አቋቁመው «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለውን ጋዜጣ አሳተሙ። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ሠራተኞችና ድሆች ነበሩ። መንግሥታት የኢትዮጵያን ጉዳይ በተዉበት ሰዓት ተራው ሰው በኪሱ ሳንቲም ፈረደ። የገዢው ሕዝብ እንቢታ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ በታች እንደገና እንመለከታለን።

መ. የመሬት ጥያቄ

ከነጻነት በኋላ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ እያደገ ሄደ። በከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በተለይም በአጋሮና በሊሙ ዙሪያ፣ ጫካው እየተመነጠረ ወደ ቡና ማሳ ተለወጠ። ሥራ ፈላጊው ከዳውሮ፣ ከከፋና ከሌላም አገር ለለቀማ ይመጣ ነበር። መንግሥትም ነገሩን ለመምራት በ1950 ዓ.ም. ብሔራዊ የቡና ቦርድን አቋቋመ፤ ቀደም ሲልም በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ በመልኮ የቡና ምርምር ጣቢያም ተከተለ።

ይህ ሁሉ እድገት ሲሆን መሬቱ የማን ነበር? ብዙው የባላባት፣ የሹምና በሩቅ ከተማ የሚኖር ባለርስት ነበር። ጭሰኛው ችግኙን ተክሎ፣ አርሞና ለቅሞ ምርቱን በእኩል ወይም በሲሶ ይካፈላል። ቡና እንደ ጤፍ በአንድ ዓመት የሚታጨድ እህል አይደለም፤ ተተክሎ በደንብ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። እንግዲህ ጭሰኛ ከመሬቱ በተነቀለ ጊዜ የሚያጣው የዚያን ዓመት መከር ብቻ ሳይሆን የብዙ ዓመት ልፋቱን ነው። የመሬት ዋስትና ማጣት በቡና አገር ከእህል አገር ይልቅ የከፋ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ በወጡ ጊዜ የተናገሩት ስለዚህ ዓይነቱ ሰው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት አደረገ፤ የጭሰኝነትን ግንኙነት ሻረ፤ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር የማይበልጥ ይዞታ ፈቀደ። ገበሬው ከ800 ሄክታር በማያንስ ክልል በገበሬ ማኅበር እንዲደራጅ ተደረገ። በአጋሮ ዙሪያ የነበረ ጭሰኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከለውን ቡና ያለ ተካፋይ ለቀመ። የዚህን ታላቅነት ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

ሠ. የሚዛን ጥያቄ

መሬቱ በእጁ የገባው ገበሬ ሚዛኑ ግን በእጁ አልገባም። በወታደራዊው መንግሥት ዘመን የቡናው ንግድ በአብዛኛው በመንግሥት የቡና ገበያ ድርጅት ተያዘ። ገበሬው ኮታ ተጥሎበት በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ የራሱ የሚባለው የገበሬ ማኅበርና የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበርም የኮታው አስፈጻሚ ሆነ። በስሙ የተቋቋመው ማኅበር በላዩ ላይ አዛዥ ስለ ሆነበት፣ መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ብዙዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ፈረሱ፤ ንብረታቸውም ተዘረፈ። ማኅበር የሚለው ቃል ራሱ ለብዙ ጊዜ የሚያስፈራ ቃል ሆኖ ቆየ።

ከመንግሥት ድርጅት በኋላ የመጣው የነጋዴ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ እንደዚህ ነበር። ገበሬው ቡናውን ከነቅርፊቱ መሬት ላይ ያደርቀዋል፤ ይህም ጀንፈል ይባላል። ጀንፈሉን ሰብሳቢው በየመንደሩ ይገዛል፤ ሰብሳቢው ለአቅራቢ ይሸጣል፤ አቅራቢው ፈልፍሎ ወደ አዲስ አበባ ጨረታ ይልክ ነበር፤ ከጨረታው ላኪው ይገዛ ነበር፤ ላኪው ለውጭ አስመጪ፣ አስመጪው ቡናውን ቆልቶ ለሚሸጥ ኩባንያ ያስተላልፋል። በእያንዳንዱ እርከን ጥቂት ሳንቲም ይቀራል። ክረምት ላይ እህል ያለቀበት ገበሬ ደግሞ ብድር ሲቸግረው ቡናውን ገና ሳይደርስ በርካሽ ይሸጣል። ዋጋውን የሚቆርጠው አበዳሪው ራሱ ስለ ሆነ፣ ለቀማ ሲደርስ ባለ ማሳው በራሱ ቡና ላይ ቃል የለውም። ፈረሱላው 17 ኪሎ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሚዛኑ ላይ የሚቆመው ግን ገዢው ነው።

ከሰንሰለቱ በላይኛው ጫፍ የሆነው ነገር በአጋሮ የማይታይ፣ ነገር ግን የአጋሮን ምሳ የሚወስን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ለአምራች አገሮች ኮታ እየመደበ ዋጋውን ይደግፍ ነበር። ኮታው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲቋረጥ ዋጋው ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒው ዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከግማሽ ዶላር በታች ደረሰ፤ ይህም በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያልታየ ዝቅተኛ ዋጋ ነበር። በሀብታም አገሮች የቡና ቤት የአንዱ ስኒ ዋጋ ግን አልወረደም። ስለዚህ የዋጋው መውደቅ ጉዳት በዘር፣ በአህጉርና በሀብት ተለይቶ በአንድ ወገን ላይ ብቻ ወደቀ።

በዚህ መከራ መካከል ገበሬዎች የተጠሉትን ማኅበራት በአዲስ መልክ ማንሣት ጀመሩ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበሩ የአባላቱ ፈቃድ ውጤት እንዲሆን ደነገገ። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ተመሠረተ፤ ሥራ አስኪያጁም አቶ ታደሰ መስቀላ ነበሩ። ማኅበራቱ በጨረታው ሳያልፉ በቀጥታ ለውጭ ገዢ እንዲሸጡ ሲፈቀድላቸው ሰብሳቢው፣ አቅራቢውና ላኪው ይወስዱት የነበረው ድርሻ ተመልሶ ወደ አባላቱ መምጣት ቻለ። ገበሬው ቡናውን ሲያስረክብ የመጀመሪያውን ዋጋ ይቀበላል፤ ቡናው ተሽጦ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ከትርፉ ሁለተኛ ክፍያ ያገኛል። ለብዙ አባቶች ይህ ሁለተኛ ክፍያ አዲስ ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት የተሸጠ ቡና ተመልሶ ገንዘብ ሲያመጣ አይተው አያውቁምና።

ረ. የስም ጥያቄ

በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. ሚሊዮኖች ለረሃብ በተጋለጡበት ወራት፣ ኔስሌ የተባለው ታላቅ የምግብና የቡና ኩባንያ ከኢትዮጵያ መንግሥት 6 ሚሊዮን ዶላር ካሣ መጠየቁ በዓለም ተሰማ። ጥያቄው በ1967 ዓ.ም. የተወረሰንና ኔስሌ በኋላ የገዛው ኩባንያ ድርሻ የነበረበትን ድርጅት የሚመለከት ነበር። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኩባንያው በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተስማምቶ ገንዘቡንም ለረሃብ እርዳታ ሰጠ። ኩባንያው ሕጋዊ መብት አለኝ ሲል ነበር፤ ሕዝቡ ግን ሕግና ፍትሕ በዚህ ነገር አንድ እንዳልሆኑ ፈረደ።

ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ጥልቅ ነው። በመጋቢት 1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ አማካይነት «ይርጋጨፌ»፣ «ሲዳሞ» እና «ሐረር» የተባሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት አመለከተ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። የውጭ ገዢ ለቡናው ብዙ የሚከፍለው በስሙ ምክንያት ነው፤ ስሙን ያስከበረው ደግሞ ገበሬው ነው፤ እንግዲያው ከስሙ የሚገኘው ዋጋ ለምን በውጭ ይቀራል? የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ማመልከቻውን ተቃወመ። ስታርባክስ የተባለው የቡና ቤቶች ኩባንያም ከኢትዮጵያ ቀደም ብሎ «ሲዳሞ» የሚለው ቃል የሚገኝበትን መጠሪያ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። ኩባንያው ለዚህ ነገር የሚሻለው የመልክዐ ምድር ምስክር ወረቀት ነው ብሎ ተከራከረ። ኢትዮጵያ ደግሞ ቡናው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትንንሽ ማሳዎች ላይ ስለሚበቅል እያንዳንዱን ከረጢት ተከታትሎ መመስከር እንደማይቻል መለሰች።

በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ኦክስፋም ነገሩን ለሕዝብ አወጣው፤ በታኅሣሥም በልዩ ልዩ ከተሞች ሰዎች በቡና ቤቶቹ ደጅ ተሰለፉ። ከ90 ሺህ በላይ ሰዎች ለኩባንያው መልእክት ላኩ። ቀደም ብሎ በ1998 ዓ.ም. ለሕዝብ የታየው «ጥቁር ወርቅ» የተባለው ፊልም የአቶ ታደሰን ገዢ ፍለጋ እየተከተለ ጉዳዩን ለብዙ ተመልካች አሳውቆ ነበር። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስና ኢትዮጵያ ተስማሙ፤ ኩባንያው የኢትዮጵያን የስም ባለቤትነት ተቀብሎ ስሞቹን በፈቃድ ለመጠቀም ፈረመ።

ይህ ዓይነቱ የገዢዎች እንቢታ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1791 በእንግሊዝ አገር ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ጥቁር ባሪያዎች ያመረቱትን ስኳር አንበላም ብለው ነበር፤ የሃርለሙንም ከዚህ በላይ ጠቅሰናል። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1988 የተጀመረው የፍትሐዊ ንግድ ምልክትም መጀመሪያ የተለጠፈው በሜክሲኮ ገበሬዎች ቡና ላይ ነው። በእነዚህ ሁሉ ነገሩ አንድ ነው፤ ዕቃው ሲጓዝ የሠሪው ፊት ይሰወራል፤ እንቅስቃሴው ያንን ፊት መልሶ ለገዢው ያሳያል።

ሰ. የአጋሮ መልስ

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከተመዘገቡት ሦስት ስሞች መካከል ጅማ የለም። ለምን? በዓለም ገበያ «ጅማ» የሚለው ስም የሚያስከብር ሳይሆን ዋጋ የሚያስቀንስ ስም ስለ ነበር ነው። «ጅማ 5» ሲባል ገዢው የሚረዳው መሬት ላይ የደረቀ፣ የተደባለቀ፣ የአፈር ሽታ ያለበት ተራ ቡና ነው። እንግዲህ የይርጋጨፌ ገበሬ ስሙን ከወሰደበት ጋር ሲከራከር፣ የአጋሮ ገበሬ ከራሱ ስም ጋር መታገል ነበረበት።

ቡናው በተፈጥሮው መጥፎ ነበርን? አልነበረም። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ በሽታውን ከሚቋቋሙት ዝርያዎች አንዳንዶቹ የተመረጡት ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ጉድለቱ ከዛፉ አልነበረም፤ ከአሰባሰቡና ከአደራረቁ ነበር። ገበሬውም ያንን ያደርግ የነበረው ስንፍና ይዞት አይደለም። ቀዩን ለይቶ ለለቀመና አረንጓዴውን ቀላቅሎ ለሸመጠጠ ሰብሳቢው የሚከፍለው አንድ ዋጋ ከሆነ፣ ለይቶ መልቀም ኪሣራ ነው። መጥፎው ስም የመጥፎ ሚዛን ልጅ ነበር።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ባደረገው እገዛ በአጋሮ ዙሪያ፣ በጎማና በጌራ ወረዳዎች፣ ገበሬዎች አነስተኛ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያላቸውን ማኅበራት ማቋቋምና ማጠናከር ጀመሩ። ጣቢያው በብድር ይቆማል፤ ብድሩ ከሽያጩ ይከፈላል። አባሉ ቀዩን እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ያመጣል፤ አረንጓዴው ተለይቶ ይመለሳል፤ እሸቱ በአባላቱ ፊት ይመዘናል፤ ደረሰኝ ይሰጣል። ከዚያም ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ በሰው እጅ እየተገላበጠ ይደርቃል። ሒሳቡ በጠቅላላ ጉባኤ ይነበባል።

ከነዚህ ማኅበራት አንዱ በጎማ የሚገኘው ዱሮሚና ነው፤ ስሙ በአፋን ኦሮሞ መበልጸግን፣ ኑሮን ማሻሻልን ያመለክታል። በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የጥሩ ቡና ውድድር ላይ ዓለም አቀፍ ዳኞች የዱሮሚናን ቡና ከአፍሪካ ቡናዎች ሁሉ ምርጥ ብለው ፈረዱለት። ተራ እየተባለ በጅምላ ይጫን የነበረው ያው ምድር ያበቀለው ቡና ነው። ናኖ ጫላ፣ ቢፍቱ ጉዲና፣ ዩክሮና ሁንዳ ኦሊ የተባሉት ማኅበራትም በየስማቸው በውጭ አገር ቡና ቤቶች ከረጢት ላይ ተጽፈው መታየት ጀመሩ። በአጋሮም ቀታ ሙዱጋ የተባለው ዩኒየን ተቋቁሞ የአባል ማኅበራቱን ቡና ወደ ውጭ መላክ ያዘ።

በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተቋቁሞ አብዛኛው ቡና በእርሱ በኩል እንዲሸጥ በተደረገ ጊዜ ቡናው በደረጃ እየተመደበ ይደባለቅ ስለ ነበር የአምራቹ መንደር ስም በመንገድ ይጠፋ ነበር። ማኅበራት ግን በቀጥታ የመሸጥ መብታቸው ተጠብቆላቸው ስለ ነበር ስማቸው ከቡናቸው ጋር ባሕር ተሻገረ። የአጋሮ ገበሬ ስሙን ያገኘው ከሚዛኑ ቀጥሎ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ሸ. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ካየነው ሦስት ነገሮች እንረዳለን። መጀመሪያ፣ መሬት ያለ ሚዛን፣ ሚዛንም ያለ ስም አይበቃም። የ1967ቱ አዋጅ ጭሰኛውን ነጻ ቢያወጣም ገበያው ለሌላ አዛዥ ስለ ተሰጠ ገበሬው ግማሽ መንገድ ቀረ። ሁለተኛ፣ ከላይ የታዘዘ ማኅበር በመጀመሪያው ንፋስ ይወድቃል፤ አባሉ ሚዛኑ ላይ የሚቆምበትና ሒሳቡን የሚጠይቅበት ማኅበር ግን ይጸናል። ሦስተኛ፣ በውጭ አገር ያለው የሕዝብ እንቅስቃሴ ታላቅ ረዳት ነው፤ ነገር ግን በአጋሮ የተደራጀ ሰው ከሌለ በኒው ዮርክ የተገኘው ድል የሚያርፍበት እጅ አያገኝም።

ማኅበራቱም ቢሆኑ ነቀፌታ የሌለባቸው አይደሉም። አባል የሚሆነው ማሳ ያለው ሰው ነው። በለቀማ ወራት በቀን ሥራ የሚመጣው ሰውና መሬት ያልደረሰው ወጣት በሁለተኛው ክፍያ ድርሻ የላቸውም። ከለቀማው እስከ ማድረቂያው አልጋ ከባዱን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች ሆነው ሳለ በአባልነት መዝገብ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የባል ስም ነው። በሌላ በኩል የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጥበቃ ሕግ፣ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን በተደጋጋሚ ቢራዘምም፣ እያንዳንዱ የቡና ማሳ የሚገኝበት ሥፍራ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። የማሳው ካርታ በማን እጅ ይሆናል? በገበሬው ማኅበር ወይስ በገዢው ኩባንያ? ይህ ጥያቄ የድሮው የሚዛን ጥያቄ በአዲስ ልብስ መምጣቱ ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች የምናሳስበው ነገር አለ። የየማኅበራቱ የክፍያ መዝገብ፣ የጉባኤ ቃለ ጉባኤና በሽማግሌዎች አፍ ያለው የጭሰኝነት ዘመን ታሪክ ገና አልተሰበሰበም። ጭሰኛ ሆነው ቡና የተከሉት አዛውንቶች ቁጥር በየዓመቱ እያነሰ ነው። ይህን የሚሰበስብ ተማሪ የአጋሮን ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ የእርሻ ሕዝብ ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር እንዴት መቆም እንደሚችል የሚያስተምር መዝገብ ለአገሩ ያቆያል።